የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን የሥራ ዘመን እንዴት ጻፍሁ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ የአንድን ሚኒስትር የሥራ ዘመን ከሥር ከመሠረቱ እንዲያውቁ ብዬ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ። መጀመሪያ ሹመታቸውን በተርታ አሰፈርሁ፦ በወረራው ዘመን በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን (ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የመልእክተኛ ጽሕፈት ቤት)፣ ከድል በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ የጽሕፈት ሚኒስትርነት፣ ከ1953 እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትርነት።

የሹመት ዝርዝር ግን ሥልጣኑ በማን እጅ እንደ ነበረ አይናገርም። መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው በተቀመጡበት ጊዜ፣ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥቱን ሥራ በብርቱ የያዙት የጽሕፈት ሚኒስትሩ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ምክንያቱን ያገኘሁት በ1935 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣው የሚኒስትሮችን ሥልጣን ከሚወስነው ትእዛዝ ነው፤ ማኅተሙም ሕግ የማሳተሙም ሥራ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ነበር። በየጊዜው ንጉሠ ነገሥቱ ፊት መቅረብም ራሱን የቻለ ጉልበት ነው። አክሊሉ በኋላ ሁለቱን ወንበሮች፣ የጽሕፈት ሚኒስትርነትንና ጠቅላይ ሚኒስትርነትን፣ አጣምረው መያዛቸው ከባድ ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1958 ዓ.ም. ብቻ ነው።

ስለዚህ ሹመት መቁጠሩን ትቼ አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ተከተልሁ፤ የኤርትራን ጉዳይ፣ ማለትም የቀድሞዋ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ዕጣ ምን ይሁን የሚለውን። ሰውየው የታዩኝ እዚህ ላይ ነው። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከፈረሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው፤ በዓመቱ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። አራቱ ኃያላን (አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት) መስማማት ሲያቅታቸው ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተሻገረ። ኤርትራን በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ለመክፈል ያሰበው የብሪታንያና የጣሊያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ የቤቪንና የስፎርዛ፣ ዕቅድ በ1941 ዓ.ም. ወደቀ፤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ፌዴሬሽን በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ጸደቀ። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ሙሉ ውሕደት ነበር፤ ያገኘችው ግን ፌዴሬሽን ነው። ያ ፌዴሬሽን ኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እኒሁ ሰው ነበሩ። ሁለቱን ኅዳሮች በአንድ ገጽ ላይ አስቀመጥሁ፤ አንዱን ለብቻው ማስተማር ተማሪን ማጉደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀኖቹን ሁሉ በሁለት ዓምድ፣ በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መያዝ በእጅጉ ረዳኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ፣ በደፈናው ስምንት የሚቀንስ ሰው የኅዳሩን ሁሉ ያዛባል።

ብዙ ያስጨነቀኝ አክሊሉ በእስር ላይ ሳሉ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ለሚመረምረው ኮሚሽን የጻፉት ቃል ነው። ጸሐፊው ተከሳሽ ነው፤ አንባቢዎቹ መርማሪዎቹ ናቸው። ስለ ድርድሩ የሚለውን ከተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች ጋር አስተያየሁ፤ ስለ ባልደረቦቻቸው የሚለውን ግን «እሳቸው እንደ ጻፉት» ብዬ ብቻ አሰፈርሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስለ ተረሸኑ፣ ያ ጽሑፍ መስቀለኛ ጥያቄ ቀርቦበት አያውቅም።