አሮጊቷ ስንት ትጠጣለች?

ያቺን አሮጌ ኖዋ መኪናዬን ያሻሻጠኝ ደላላ «በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ዛሬ ለካኋት። ባለፈው ቅዳሜ ፉል አስሞልቼ ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አደረግኩትና ሳምንቱን ሙሉ ከስታዲየም ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ ልጆች ሳመላልስ ከርሜ፣ ዛሬ እዚያው ማደያ ተሰልፌ (ሰልፉን ተዉት) እንደገና አፏ ድረስ አስሞላሁ። 210 ኪሎ ሜትር፣ 30 ሊትር። በሊትር 7!

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። የቸርችልን ዳገት ስድስት ሰው ጭና፣ እየቆመች እየተነሳች ስትወጣ ምን ታድርግ? መብራት ላይ ቆማም ትጠጣለች። ባለቤቴ ሒሳቡን አየችና «ደላላው ቁልቁለት ሲወርድ ነው የለካው» አለች።

ሰኞ ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እና የአየር ፊልትሮ አስቀይራለሁ፣ የጎማውንም ነፋስ አሳያለሁ። 8 ከገባችልኝ ይበቃኛል።