መጀመሪያ ምሳሌ፣ ከዚያ ቀመር

ቅዳሜ ቅዳሜ የእህቴን ልጆችና ጓደኞቻቸውን ኮዲንግ አስተምራለሁ። ከ12 እስከ 14 ዓመት ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ፓይተንን ነው፤ እኔ ግን ራኬት የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መረጥኩ። ምክንያቴ ሒሳብ ነው። በብዙ ቋንቋዎች "ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር 1" ተብሎ ይጻፋል፤ ኤክስን በ1 ጨምር ለማለት ነው። አልጀብራ ገና ለጀመረ ልጅ ይሄ ግራ ያጋባል፤ ደብተሩ ላይ እንዲህ ያለ እኩልታ መፍትሔ የለውም። ራኬት በሚከተለው፣ ፕሮግራሙን በፈንክሽኖች በሚገነባው አጻጻፍ (ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ) ግን አንዴ ስም የወጣለት ቁጥር አይቀየርም። ፈንክሽኑም፣ ማለትም ግብዓት ተቀብሎ ውጤት የሚመልሰው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ያንኑ ግብዓት ከሰጡት ያንኑ ውጤት ይመልሳል፣ ልክ እንደ ሒሳቡ።

ራኬት በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለፈንክሽን በአማርኛ ፊደል ስም ማውጣትም ይቻላል። ልጆቹ "ባንዲራ" ብለው ሲጽፉና ሲሠራ ደስታቸው ሌላ ነው።

የመጀመሪያ ሥራችንም ባንዲራ ነበር። የኢትዮጵያ ባንዲራ ቁመቱ የርዝመቱ ግማሽ ነው፤ ሦስቱ ቀለሞች እኩል ይካፈሉታል። ኮምፒውተር ከመንካታችን በፊት ወረቀት ላይ ምሳሌ አስጻፍኳቸው። ርዝመቱ 120 ቢሆን አንዱ ቀለም ስንት ቁመት ይኖረዋል? "20" ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ልክ ነው፣ ግን አይበቃኝም። "120 ሲካፈል ለ6" ብላችሁ ጻፉ እላቸዋለሁ። ከሥሩ "300 ሲካፈል ለ6"፣ ከሥሩ "90 ሲካፈል ለ6"። ከዚያ የተቀየረውን ብቻ በእስክሪብቶ ያከቡታል።

አንዷ ልጅ ወረቀቷን አየት አድርጋ "ስድስቱማ አይነካም፣ ሁሌም አለ" አለችኝ። ተለዋዋጭና ቋሚ ማለት ይሄው ነው፤ ራሷ ደረሰችበት። ለተከበበው "ርዝመት" የሚል ስም ሰጠችውና ቀመሩ ተጻፈ። መልሱን ብቻ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ስድስቱ አይታያትም ነበር።

አካሄዱን ያገኘሁት ቡትስትራፕ ከሚባለውና አሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የትምህርት ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ፈንክሽኑ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ምሳሌዎች፣ መጨረሻ ላይ ቀመሩ። እኔ ጋ ብዙውን ሰዓት የሚወስደው ምሳሌው ነው፤ መውሰድም አለበት።

ዓርማው ላይ ስንደርስ ደግሞ ቅደም ተከተል መጣ። ኮከቡ ከላይ፣ ሰማያዊው ክብ ከታች መሆን አለበት። ከተገላበጠ ክቡ ኮከቡን ይውጠዋል። የፈንክሽን ቅንብር ላይ፣ ማለትም የአንዱ ፈንክሽን ውጤት ለሌላው ግብዓት ሲሆን፣ ቅደም ተከተል ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ላፕቶፕ ለሁለት ልጅ አንድ ይበቃል፤ አንዱ ከወረቀቱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ቅንፍ መዝጋት መጀመሪያ ላይ ያማርራቸዋል፣ ቶሎ ይለምዱታል። ወላጆች "ሥራ ያስገኝላቸዋል ወይ?" ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ሒሳብ እንዳይፈሩ ነው።

አሁን ዝርዝር ላይ ነን። የብዙ ርዝመቶችን ዝርዝርና "ባንዲራ"ን አንድ ላይ ሰጥተን፣ ባንዲራዎቹን በአንድ ትዕዛዝ እናወጣለን። "ፈንክሽን ለፈንክሽን ይሰጣል እንዴ?" ብለው ሲጠይቁኝ ይሰጣል አልኩና ወረቀት አደልኳቸው፤ መጀመሪያ ምሳሌውን ይጽፋሉ።