ወደ ድሮው ቨርዥን ተመለስኩ
ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ያለችው ስቱዲዮዬ ውስጥ ከኮምፒውተሬ ጋር ስታገል ዋልኩ። ትናንት ማታ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሬን አፕዴት አድርጌው ነበር። ጠዋት የሰርጉን ፎቶ ስከፍት የሙሽራዋ ፊት አረንጓዴ ሆኗል። ክው ብዬ ቀረሁ። አልበሙን የማስረክበው ቅዳሜ ነው!

አዲሱን አጥፍቼ የድሮውን ቨርዥን መልሼ ጫንኩ። ግን አዲሱ የቀየረውን ካታሎግ (የፎቶዎቹን ዝርዝርና የሠራሁባቸውን ማስተካከያ የሚይዘውን ፋይል) አሮጌው አይከፍተውም። ደግነቱ የቀድሞው ካታሎግ ሳይነካ ለብቻው ተቀምጧል። ከአፕዴቱ በኋላ ማታ የሠራሁት ግን እሱ ውስጥ ስለሌለ 40 ፎቶዎችን እንደ አዲስ መሥራት ግድ ሆነብኝ። ራው ፋይሎቹ (ካሜራው ያነሳቸው ያልተነኩ ዋና ፎቶዎች) ግን ምንም አልሆኑም፤ ኤዲቱ የሚቀመጠው ካታሎጉ ውስጥ እንጂ ፎቶው ላይ አይደለም። ተመስገን ነው።

አሁን የሀበሻ ቀሚሷ ጥለት ወርቃማ ቀለሙ ተመልሷል። አውቶማቲክ አፕዴቱንም ዘግቼዋለሁ።