የካቲት 12 በክፍል ውስጥ

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ጉንጉን አበባ ይቀመጣል። ክፍል ውስጥ ግን ቀኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል፦ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ 30 ሺህ ሰው ፈጁ። ልጁ ቁጥሩን ሸምድዶ ለፈተና ይጽፋል፤ የሞተውን ሰው ግን አያየውም። ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ የሚምታታው ከዐድዋ ጋር ነው። ሁለቱም የካቲት ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ከጣሊያን ጋር። ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ይሰመር፤ በአንዱ ጫፍ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በሌላው የካቲት 12 ቀን 1929 ይጻፍ። በመካከሉ 41 ዓመት አለ። የውጭ ጽሑፍ 1937 ሲል ደግሞ የሚቀነሰው 8 ነው፤ 7 የቀነሰ ልጅ አንድ ዓመት ይስታል።

ከዚያ ቦታው ይምጣ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ። በኢትዮጵያ የኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የኢጣሊያ ልዑል ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ ድሆችን ለምጽዋት ጠርቷል። ዓይነ ስውሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ አሮጊቷ ግቢውን ሞልተውታል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ወታደሮቹ ወዲያው የተኮሱት ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ነው። ይህችን ቅደም ተከተል የዘለለ አስተማሪ ጭፍጨፋውን ውጊያ ያስመስለዋል።

ማታውን ጥቁር ሸሚዞቹ፣ የፋሺስት ፓርቲው ሚሊሻዎች፣ ወደ ሰፈር ወጡ። ለሦስት ቀን ነፃ እጅ ተሰጥቷቸው ነበር። የሣር ክዳን ጎጆ ላይ ቤንዚን አርከፍክፎ እሳት መለኮስ አፍታ አይፈጅም፤ በበሩ ሮጦ የወጣውን ደግሞ ጥይት ወይም ዱላ ይጠብቀዋል። ለትናንሾቹ አንዲት ጎጆ ትበቃለች። ፎቶግራፎቹ ከፍ ላሉት ይቆዩ፤ ብዙዎቹን ያነሱት ኢጣሊያኖቹ ራሳቸው መሆናቸው ግን አብሮ ይነገር።

ስለ ቁጥሩ ልጅ ከጠየቀ አይሸሸግ። 30 ሺህ የኢትዮጵያ መንግሥት ከድል በኋላ ያቀረበው ነው፤ ኋላ የተደረገ ጥናት 19 ሺህ ገደማ ይላል።

ወርዋሪዎቹን ብቻ ለምን አልያዙም የሚል ልጅም አይጠፋም። ስምዖን አደፍርስ በመኪናው ከከተማ አስወጥቷቸዋል፤ እሱ ኋላ ተይዞ ሞተ። ሁለቱ በደብረ ሊባኖስ አልፈዋል ተብሎ ግንቦት ላይ መነኮሳቱ ተረሸኑ።