«ማዘር፣ ፎርማት ነው የሚፈልገው»

እንዲህ ያለኝ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። ላፕቶፔን ከፈተ፣ የድምፅ ምልክቷን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ አንድ ዘፈን ሞከረ። ላፕቶፑ ዝም። እሱም ትንሽ ዝም አለና ፍርዱን ሰጠ፤ ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ፎርማት። ሰባት መቶ ብር፣ ነገ ከሰዓት ይምጡ።

ይቺን ቃል ስንቴ ሰምታችኋል? ስክሪኑ ቀጥ አለ፣ ፎርማት። ዋይፋይ እምቢ አለ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ታሞ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝለት አላየሁም። ልጁን አልወቅሰውም። ወረፋው በሩ ድረስ ነው፤ እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ ቢመረምር ምሳም አይበላ። ግን እኔ ማሽን ላይ የአስራ አንድ ዓመት ሥራ አለ፣ ግማሹ ባክአፕ የለውም (እባካችሁ አትቆጡኝ)፣ የጠፋው ደግሞ ድምፅ ብቻ ነው። ለትኋን ብሎ ቤት ማቃጠል ሆነብኝ። «አስቤበት እመለሳለሁ» አልኩት። ሱቅ ገብተን ሳንገዛ ስንወጣ የምንላት ያቺው። ላፕቶፔን ታቅፌ ወጣሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት ሐሙስ ማታ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ወደ 11 ተሻገሪ የሚለውን መልእክት በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ሳፈሰው ከረምኩ። ሐሙስ ግን በቃ ይለይልን አልኩ። ፓኬጅ ገዛሁ፣ አወረድኩት፣ መጫን ሲጀምር ወጥ ልሠራ ኩሽና ገባሁ። ስድሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቻርጀሩ ሲነቀል እሱም አብሮ ድርግም ይላል። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔው ነው። ባትሪ በሌለው ማሽን እንዲህ ያለ ትልቅ አፕዴት አይጀመርም፤ አውቀው ነበር፣ ሰነፍኩ።

መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ማሽኑ ተነሳ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ራሱን ሁለቴ አጠፋና አበራ፣ በመጨረሻ አዲስ መልክ ይዞ ብቅ አለ። የስታርት ምልክቷ ሳትቀር ወደ መሀል መጥታለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ለነገ የማስበውን ኦዲዮ ልክፈት ስል ነው ጉዱ የታየኝ። መስመሩ ይሄዳል፣ ደቂቃው ይቆጥራል፣ የሚሰማ የለም።

እዚህ ላይ ሥራዬን ልናገር። ሰዎች የተቀዳ ስብሰባና ቃለ መጠይቅ ይልኩልኛል፣ እኔ እየሰማሁ በጽሑፍ እገለብጣለሁ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ፣ ጥርት ያለ ከሆነ፣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል። ሰው እየተሻማ የሚያወራበት ከሆነማ አትጠይቁኝ። ሰኞ ጠዋት ማስረከብ ያለብኝ የሦስት ሰዓት ተኩል ስብሰባ እጄ ላይ ነበር። በስልክ ልስማው ብዬ ሞከርኩ። ማቆም፣ መጻፍ፣ አምስት ሰከንድ መመለስ፣ እጅ ከኪቦርድ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኪቦርድ። በአንድ ሰዓት ሁለት ገጽ። ተውኩት። ድሮ ቢሆን ፒያሳ ደንበኛ የሆንኩበት ጥገና ቤት ነበረኝ፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም ተነሳ፣ የት እንደገባ አላወቅኩም። ለዚህ ነው ዓርብ አራት ኪሎ ላይ ማዘር የተባልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ያዳነኝ የግቢያችን ልጅ ነው። አራት ኪሎ፣ ሰዉ እስከ ዛሬ ሳይንስ ፋኩልቲ የሚለው ግቢ ይማራል። ቡና እያፈላሁ ስለነበር ሽታው ጠርቶት ይሁን ጭንቀቴ ታይቶት፣ ገባ። ነገርኩት። ማሽኑን ገና ሳይነካው ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«እነጫነጫለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ጎረቤት እጠይቃለሁ። እናንተ ጋ አለ ወይ እላለሁ።»

«በቃ፣ ይሄም እንደዛው ነው።»

ገባኝ። ጎረቤት ጋ ካለ ችግሩ ከእኔ ቧንቧ ነው። ጎረቤትም ጋ ከሌለ የሰፈሩ መስመር ነው፤ ጓሮ ብቆፍር ምንም አላገኝም። ድምፅም ከፕሮግራሙ ተነስቶ ጆሮ እስኪደርስ ብዙ ቤት ያልፋል። ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ውስጥ ከጀርባ የሚሠራ፣ ስሙም ዊንዶውስ ኦዲዮ የሚባል ሰርቪስ አለ፤ ከየፕሮግራሙ የመጣውን ቀላቅሎ ድራይቨር ለሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያስረክባል። ድራይቨሩ ለሳውንድ ካርዱ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል። ሳውንድ ካርድ ስል የድሮውን ለብቻው የሚሰካውን አይደለም፤ አሁን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት፣ በብዙ ላፕቶፕ ላይ የሪልቴክ ምርት ናት። ከእሷ በኋላ ማጉያው፣ ከዚያ ስፒከሩ። ከእነዚህ ያንዱ በር ሲዘጋ እኛ የምናየው ያው ዝምታ ነው። ፎርማት የሚያደርገው ሰው ሁሉንም በር ገንጥሎ እንደ አዲስ ይሠራል። የትኛው ተዘግቶ እንደነበር እሱም አያውቀውም።

ልጁ ክፍሉ ሄዶ በዩኤስቢ የሚሰካ ሄድፎን አመጣ። ሰካው። ሠራ! ደስታዬ አልቻለኝም፣ እሱ ግን ገና ነው አለኝ። እንዲህ ያለው ሄድፎን የራሱ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ውስጡ አለው፣ ስለዚህ የላፕቶፑን ካርድ አይነካውም። እሱ ከሠራ ፕሮግራሙም ሰርቪሱም ጤነኛ ናቸው፤ የታመመው የላፕቶፑ ካርድ ወይም ድራይቨሩ ነው። ብሉቱዝ ስፒከርም ለዚህ ፈተና ይሆናል። በክብ ቀዳዳው የሚሰካው ተራ ሄድፎን ግን አይሆንም፣ እሱ የሚጠጣው ከዚያው ከላፕቶፑ ካርድ ነው። እኔ ዓርብ ሙሉ በእሱ ነበር የምሞክረው። (ታዲያ በዩኤስቢው ሥራሽን አትቀጥዪም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ለመንኩት። የኦንላይን ትምህርት አለብኝ አለኝ። ጨካኝ።)

በነገራችን ላይ ምንም ነገር ካልሠራ፣ ዩኤስቢውም ብሉቱዙም ዝም ካለ፣ ያኔ ሰርቪሱ ጋ ነው የሚኬደው። ስታርት ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ ፈልጉ፣ ዊንዶውስ ኦዲዮ እና ዊንዶውስ ኦዲዮ ኢንድፖይንት ቢልደር የሚሉትን ሪስታርት አድርጉ።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ። አውትፑት የሚለው ሥር ድምፅ የሚወጣባቸው ተዘርዝረዋል። እኔ ጋ አንድ ብቻ። የውጭው ስክሪኔ። ጠረጴዛዬ ላይ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘ ትልቅ ስክሪን አለኝ፣ ያ ገመድ ደግሞ ምስልም ድምፅም ነው የሚያሻግረው። ስክሪኑ ግን ስፒከር የለውም። ድምፄ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሄድ የነበረው አፍ ወደሌለው ነው! ለአብዛኛው ሰው ጉዳዩ እዚህ ያበቃል፤ ከአፕዴት በኋላ ማሽኑ መውጫውን ወደ ስክሪን ወይም ወደ ሌላ ነገር ማዞሩ የተለመደ ነው፣ ስፒከር የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ ይቺን እዩ። የማንንም ደጅ አትጥኑ። እኔ ጋ ግን ስፒከር የሚል ነገር ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም።

«ሪስታርት አድርገውታል?» አለኝ። አምስቴ አጥፍቼ አብርቻለሁ አልኩት። ሳቀ። ሻት ዳውን እና ሪስታርት አንድ አይደሉም። እኔ እስከዚያ ቀን ሻት ዳውን ጠንከር ያለው ይመስለኝ ነበር፣ ነገሩ ግልባጩ ነው። ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሳት ሲል ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ዘዴ አለው፤ ስትዘጉት የውስጥ ሥራውን፣ ድራይቨሮቹን ጨምሮ፣ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጥና ስታበሩት ያንኑ መልሶ ያነሳዋል። የተበላሸውንም እንዳለ ያነሳዋል። ሪስታርት ስትሉት ነው ሁሉን ከዜሮ የሚጀምረው። ሪስታርት አደረግን። አልሠራም። ግን ለስንት ሰው ሠርቷል መሰላችሁ፣ በዚህች ብቻ ሰባት መቶ ብር የተረፈው ይኖራል።

ከዚያ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረው ዲቫይስ ማኔጀር ገባን። ስታርት ምልክቷ ላይ በማውሱ ቀኝ ስትጫኑ ይመጣል። ሳውንድ የሚለው መስመር ሥር የስክሪኑ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጁ ወደ ታች ወረደ። አዘር ዲቫይስስ የሚል ሌላ ረድፍ አለ፣ እዚያ ውስጥ ቢጫ ምልክት የተለጠፈባት «መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር» ቁጭ ብላለች።

«ይኸው» አለ። «አልሞተም። ማሽኑ ያየዋል፣ ስሙን ነው ያጣው።»

ደስ ያለኝ አባባል ነው። መታወቂያ እንደሌለው ሰው። ሐሙስ ማታ መብራት ሲሄድ የተጫነው ተጭኖ፣ ያልተጫነው ቀርቶ፣ የድምፁ ድራይቨር ሳይደርሰው ቀርቷል። ሮል ባክ የምትል ቁልፍ አለች፣ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የምትመልስ፤ አፕዴቱ ጥሩውን ድራይቨር በሌላ ከተካባችሁ ከሁሉ የምትቀለው እሷ ናት። እኔ ጋ የሚመለስበት ስላልነበረ ደብዝዛለች። ወደ ዊንዶውስ 10 ጠቅልሎ መመለስም ይቻላል፣ ከተሻገራችሁ በኋላ 10 ቀን ይሰጣችኋል። ልጁ እሱ የመጨረሻው ነው አለ።

የቀረው ድራይቨሩን ማምጣት ነው። ከየትም አይደለም፣ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ፣ በትክክለኛው ሞዴል ቁጥር። ነፃ ድራይቨር ፈላጊ እያሉ የሚጫኑትን ፕሮግራሞች አታስጠጉ፣ ድራይቨር ፈልጎ ይመጣና አምስት ዘመዶቹን ይዞ ይገባል። የእኔ ላፕቶፕ ስላይትሊ ዩዝድ የተገዛ ነው፣ ከሆዱ ሥር ያለው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። ስታርት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለን ስንፈልግ ሲስተም ሞዴል በሚለው ፊት ለፊት አገኘነው።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት ሠራን። ሠራን ስል እኔ ነኝ፣ እሱ ቡና እየጠጣ ነበር። የሪልቴኩን ድራይቨር ብቻ አውርጄ ጫንኩት። ተሳክቷል አለኝ። ሪስታርት። ዝም። ሊያስለቅሰኝ ደረሰ። ልጁ መጥቶ አየና ቅደም ተከተሉን ነገረኝ። ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ፣ በፕሮሰሰሩና በድምፅ ቺፗ መሀል ስማርት ሳውንድ የሚባል ሌላ አሻጋሪ አለ። የእሱ ድራይቨር ከሌለ ቺፗ ለማሽኑ አትታይም፣ ስለዚህ የሪልቴኩ ድራይቨር የሚይዘው ነገር የለውም። መንገዱ ሳይጠረግ መኪና እንደማስመጣት ነው። በሥርዓቱ መጀመሪያ የቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች)፣ ቀጥሎ የስማርት ሳውንዱ፣ መጨረሻ ላይ የሪልቴኩ። እንዲያ አደረግን። ሪስታርት። ማሽኑ ሲነሳ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ቲን አለች።

ቲን! ከሐሙስ ጀምሮ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ድምፅ። ልጁን ቁርስ ሳይበላ አላስወጣሁትም። ገንዘብ አልቀበልም አለ፣ ፍርፍሩን ግን አልናቀም።

እሱ ከወጣ በኋላ የግልበጣ ፕሮግራሜን ከፈትኩ። ዝም። ዩቲዩብ ይሠራል፣ ቲኗ ትሠራለች፣ የእኔ ፕሮግራም ብቻ ዲዳ። ልጁን መልሼ ልጠራው በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ከዚያ ውሃውን አሰብኩ። ጎረቤት ጋ አለ፣ ስለዚህ የተዘጋው የዚህ ፕሮግራም በር ነው። ሳውንድ ውስጥ ቮልዩም ሚክሰር የሚል አለ፣ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ድምፅና መውጫ ለየብቻው ያሳያል። ፕሮግራሜ አሁንም ያንን አፍ የሌለውን ስክሪን ይዟል። እዚያው ሪሴት የምትል ቁልፍ አለች። ተጫንኳት።

ኦዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሳሁት። ወንበር ሲጎተት ተሰማ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማይኩን መታ መታ አደረገና «ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል?» አለ።

ይሰማል አልኩት። ከዚያ የሦስት ሰዓት ተኩሉን ስብሰባ መገልበጥ ጀመርኩ። እሁድ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ። ባትሪውን ገና አልገዛሁም።