የለመንኩት ጢስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን መጻፍ የስለቴ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ፣ ጥላውን፣ በ2016 የካቲት 16 ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስገብቻለሁ። የቀረኝ «ያደረግሽልኝን ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» ያልኩት ነው። ይሄኛው ከጥላው ከበደኝ፤ ሳልደብቅ ብያለሁና የራሴንም ጉድ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ስም ግን አልጠራም። ሱሉልታ ከተማ ተባለች እንጂ ሰው የጎረቤቱን ላም በስሟ የሚጠራባት አገር ናት፤ የሚያውቁን ያውቁናል።

ለማታውቋት፣ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥታችሁ እንጦጦን ስታልፉ በጎጃም መንገድ ቁልቁል የሚጠብቃችሁ ሜዳ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መስቀል አልፎ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ በጋውን ሙሉ በአይሱዙ እየተጫነ አዲስ አበባ ይወርዳል። አባቴና የወደድኩት ልጅ አባት በዚህ ሜዳ አብረው አድገው፣ አብረው አጭደው፣ በወር በወሩ 16 የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ አብረው የሚጠጡ ማኅበርተኞች ነበሩ። እኔ አባቱን «አባባ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ከልጁ ጋር የተዋደድነውም ማኅበር ሲወጣ ዳቦና ጠላ ስናመላልስ ነው። በ2002 እኔ 20፣ እሱ 23 ነበርን። ጥር ሲገባ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተናል።

ጥር አልደረሰልንም። ኅዳር ላይ፣ ሌሊት፣ የአባቱ የድርቆሽ ክምር ተቃጠለ። የዓመት እንጀራቸው ነበር። በዚያው ሌሊት ላማችን ምጥ ይዟት አባቴ ኩራዝ አብርቶ ወደ በረት ሲሄድ አባቱ አይቶታል። «ኩራዝ ይዞ አየሁት» አለ። አልዋሸም፤ ይዞ ነበር። መርዙም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከወር በፊት በውሃ መውረጃ ቦይ ተጨቃጭቀው ስለነበር ሰው ሁለቱን ነገር ገጣጠመው። አባቴ ሰባት ወር ታሰረ። ማስረጃ አልተሟላም ተብሎ ሲወጣ ከአምስት ላሞቻችን ሁለቱ ቀርተው ነበር። ተፈታ እንጂ «አላቃጠለም» ያለው ሰው የለም።

የማኅበሩ ጽዋ ያኔ ተረኞቹ እኛ ስለነበርን እኛ ቤት ቀረ። ሊረከበው የመጣ ሰው አልነበረም። እናቴ በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ከምስሉ ሥር ሰቀለችው። አባቴ በየወሩ 16 ማታ ጧፍ ያበራለታል፣ ምንም ሳይናገር ይተኛል። 13 ዓመት እንዲህ ኖርን።

እሱ አንድ ማታ አጥር ጥግ መጥቶ «አብረን እንጥፋ» ብሎኝ ነበር። «አባትህ አባቴን አሳስሮ፣ እኔ ካንተ ጋር?» አልኩና ምራቄን ተፋሁ። ፊቱ ላይ አይደለም፣ መሬት ላይ ነው፤ ግን ያው ነው። ሐዋሳ ሄዶ ሹፌር ሆነ። እኔ በ2006 አዲስ አበባ በሰማንያ አገባሁ፣ በ2010 ልጄን አዝዬ ተመለስኩ። ስለዚያ ትዳር ብዙ የምለው የለኝም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ ቤቱ ውስጥ የሌለሁት።

አሁን ጉዴን ላውጣ። በእነዚያ ዓመታት የጸሎት ሰው ነበርኩ፤ ጾሜን አልፈታም፣ ውዳሴ ማርያሜ አይታጎልብኝም። ግን ማታ ማታ ዳዊት 108ን በአባቱ ላይ እደግም ነበር። ለማያውቁት፣ የእርግማን መዝሙር ነው። ስሙን እየጠራሁ «ክምሩ ይጢስ፣ እኛ ያየነውን ይይ» እላለሁ፤ ከዚያ አማትቤ እተኛለሁ። እንቅልፌም ጥሩ ነበር። ይህን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

በ2014 ፍልሰታ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ገባሁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ጸበል። በአምስተኛው ቀን ንጋት ጀሪካኔን ይዤ የጸበሉ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያለው ሰው ዞር ሲል እሱ ነው። የጆሮው ግንድ አካባቢ ሸብቷል።

«ደህና ነሽ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ እንዴት ናቸው?»

«አልጋ ላይ ናት። ለእሷ ነው የምቀዳው። ለዚያው ብዬ ጠቅልዬ መጣሁ።»

«ያኔ አጥሩ ጋ የተፋሁት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ረስቼዋለሁ» አለ። ውሸቱን ነው። ከልጅነቱ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል፤ ነካ።

አላገባም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሱም ስለ ልጄ አልጠየቀም፤ የያዝኩትን ጀሪካን ግን ሞልቶ እስከ ማደሪያችን ተሸከመልኝ። ያን ቀን ተሳልኩ። «እሱን ስጪኝ» ለማለት አፍሬ «መንገዱን ክፈቺው፣ ጥላ አስገባለሁ፣ ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» አልኩ።

ወርጄ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም፣ 108ንም ጨምሬ ተናዘዝኩ። ዝም ብለው ሰምተውኝ «ልጄ፣ እመቤታችን አንቺ የዘጋሽውን በር እንድትከፍት ነው የምትለምኛት?» አሉኝ። ቀኖናዬ 40 ቀን ዳዊት 50ን መድገም፣ በእያንዳንዱም ላይ የአባቱን ስም ጠርቼ «ማርልኝ» ማለት ሆነ። አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስሙን የጠራሁት ጥርሴን ነክሼ ነው፤ የወደደ ልብ እንደነበረኝ አድርጌ አልጽፍም።

ጥቅምት ላይ የወተት አምራቾች ሥልጠና ነበርና ሄድኩ። ለአበሉም ጭምር ነው። ባለሙያው ስለ መኖ ሲያስረዳ፣ ድርቆሽ ርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከተከመረ ውስጡ እንደ ጥንስስ ይፈላል አለ። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እየበሉት ይሞቃል፤ ክምሩ ሙቀቱን ይዞ ያፍነዋል፤ ከ70 ዲግሪ ካለፈ በኋላ፣ ከተከመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ክብሪት የጫረ ሰው ሳይኖር በራሱ ሊነድ ይችላል። እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። በ2002 ጥቅምት የአባቱን ድርቆሽ ዝናብ እንደመታው፣ ደመና ፈርተው እየተጣደፉ እንደከመሩት አስታውሳለሁ፤ ከላይ ሆኜ ስረግጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ እሳቱን ሲያይ ቆይቶ «ማን ያምነናል?» አለ። እውነቱን ነው። የተከሳሽ ልጅ ከሥልጠና ያመጣችው ወሬ ሽማግሌ ፊት ምን ይረባል?

ኅዳር 17 ቀን 2015፣ ቅዳሜ ንጋት። ልክ በ16 ቢሆንልኝ ምስክርነቴ ያምር ነበር፤ ግን 17 ነው። ጾም ገብቶ ወተት ዋጋው ወድቋል፣ ያለችኝን ይዤ በእነሱ አጥር ሥር ሳልፍ ሸተተኝ። የተቆላ አሻሮ ሽታ ነው፣ ጠላ ሊጠመቅ ሲል የሚሸተው። ቀና ስል ከአባቱ ክምር አናት ላይ ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ውርጩ ስለነበር ሌላ ሰው ጉም ይለዋል። እኔ አወቅኩት።

እዚያ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። «ክምሩ ይጢስ» ብዬ የለመንኩት ጢስ ከፊቴ ነበር። ዝም ብዬ መንገዴን ብቀጥል ማንም አይጠይቀኝም። እንዲያውም ከአጥሩ ሥር ብታይ አባቴን ያሉትን እኔንም ይሉኛል። ይሄ ሁሉ በልቤ አለፈ። እግሬም ሁለት እርምጃ ሄዷል፤ አልደብቅም ብያለሁ።

ያኔ አባቱ ጋቢውን ደርቦ ከቤት ወጣ፤ እንፋሎቱን አየና መንሹን ይዞ ክምሩን ሊከፍት ወጣበት። ባለሙያው ያስጠነቀቀን ነገር ነበር፦ የጋለ ክምር ሲከፈት ነፋስ ያገኛል፣ ቦግ ይላል።

«አባባ! እንዳትከፍተው! መጀመሪያ ውሃ!»

አባባ። 13 ዓመት ከአፌ ያልወጣ ቃል። እሱም እንደኔ ደንግጦ መንሹን ይዞ ቀረ።

የወተቱን ጀሪካን ጥዬ በአጥሩ ገባሁ። ልጁ ወጣ፣ ጎረቤት ወጣ፣ ውሃ በበርሜልም በባልዲም ቀረበ። ከቤቱ ግንባታ የተረፈ ፌሮ ነበር፤ «አስገቡትና አውጡት» አልኳቸው። አባቱ ራሱ ክምሩ ውስጥ ሰክቶ ትንሽ አቆይቶ መዘዘው። ጫፉን ሊይዝ ሲል እጁን ሳበ። እፍ እፍ አለበት፤ ከዚያ ፌሮውን አየ፣ ክምሩን አየ፣ ቀጥሎ ዞሮ ወደኛ ቤት አየ። ማንም ሳይነግረው ገባው። ክብሪት የለ፣ ኩራዝ የለ። ሲከፈት መሃሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር፤ እንደተባለውም ቦግ አለ፤ ውሃው ስለቀረበ ግማሹ ተረፈ።

አባቱ አራት ቀን ከቤት አልወጣም። ኅዳር 21፣ የጽዮን ዕለት፣ ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው አባቱ፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ የአገሩ ወግ ነው፤ ሰው አንዳንዴ ለወጉ ያህል ትንሽ ይዞ ይመጣል። የእሱ የወፍጮ መጅ ያክላል። ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን ሳይጀምሩ አባቴ ከመደቡ ተነሳ። እኔ ይሰድባል ብዬ ነበር።

«አውርድ» አለው። «ወገብህ የታመመ ነው፣ ምን ሆነህ ነው?»

13 ዓመት ሙሉ ወገቡ የታመመ መሆኑን አልረሳም ነበር። ድንጋዩን ያወረዱት ሁለቱ ተጋግዘው ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ልቅሶ መጻፍ አልችልም።

ሠርጋችን በግንቦት 2015 ሆነ። እኔ ፈት ስለነበርኩ ተክሊል አልደፋንም፤ በመዓስባን ሥርዓት ጸሎቱ ተደርሶ ሥጋ ወደሙ ተቀበልን። የልጄን ቀሚስ እሱ ነው የገዛው፤ በልኳ አልነበረም፤ አሁን ደረሰላት። እናቱ ሠርጉን ከአልጋቸው ላይ ሆነው አይተው በክረምቱ አረፉ። ለእሳቸው ድኅነት ነበር የቀዳው፣ ይህንንም መደበቅ የለብኝም።

እኔ ግን ከሠርጉም ይልቅ የሚመላለስብኝ ከዚያ በፊት የሆነው፣ የታኅሣሥ 16ቱ ማኅበር ነው። አባቴ ከ13 ዓመት በኋላ ተራውን አወጣ። እናቴ ሻሹን ስትፈታው ጽዋው አንድም አቧራ አልነበረበትም። ቄሱ ጸለዩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ዞረ። አባቱ ጋ ሲደርስ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ሁላችንም የሚያለቅስ መስሎን አንገታችንን ደፋን። ጠጣ። አፉን ጠረገ።

«ጌሾው በዝቶበታል» አለ።

አባቴ ቀና አለ። «አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅኩህ ይህን ልትለኝ ነው?»

«እውነቱን ነው የምነግርህ። በል አምጣው ጽዋውን፣ የሚቀጥለውን እኔ አወጣለሁ፤ መጥተህ ጠላ ትቀምሳለህ።»