ባማጥኩ ቁጥር ይዘጋ የነበረው ጡንቻ

አምስት ዓመት ሙሉ ችግሬ የሆድ ድርቀት ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ያየኝ ሐኪም ሁሉ ይሄንኑ ይለኝ ነበር። ውሃ ጠጣ፣ አትክልት አብዛ፣ ተንቀሳቀስ። ሁሉንም አደረግኩ። ግን ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ የግንባሬ ሥር እስኪገተር አምጣለሁ፣ የሚወጣው ትንሽ ነው። ታጥቤ ስወጣ የቀረው እዚያው እንዳለ ይሰማኛል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እመለሳለሁ። እንደገና ያው።

ያኔ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። ሰገራዬ ለስላሳ በሆነባቸው ቀናትም አይወጣም። ድርቀት ብቻ ቢሆን ሲለሰልስ መገላገል ነበረብኝ። የኔ ግን ለስልሶም በሩ ላይ ይቆማል። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለዚህች ምልክት ስል ነው። ለስልሶም አልወጣ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ከአንጀት ሳይሆን ከታች ካለው ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ለኔ ይሄን ቀደም ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሌላም አለ። አንዳንድ ቀን በጣቴ ካላገዝኩ አይወጣም ነበር። ይሄን ለማንም፣ ለባለቤቴም ጭምር፣ አፍ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም። በመጨረሻ የሄድኩባት የአንጀት ሐኪም ግን ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው በረጋ ድምፅ፣ "በጣት ማገዝ ያስፈልግሃል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ለኛ ጥሩ ፍንጭ ነው" አለችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አምስት ዓመት የደበቅኩት ነገር ለካ ለምርመራው የሚጠቅም መረጃ ነበር።

ከዚያ ግራ ጎኔን አስተኝታ ጉልበቴን አጣጥፌ በጓንት ጣቷ መረመረችኝ። "እስኪ ሽንት ቤት እንዳለህ ሆነህ ግፋ" አለችኝ። ገፋሁ። "አየህ፣ መልቀቅ ሲገባህ ጣቴን እየጨመቅከው ነው።" በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነበር። ምርመራው ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ከእሷ በፊት የነበሩት አንዳቸውም አላደረጉትም፤ እኔም አፍሬ ስለነበር ባያደርጉት ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩን እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። ከፊት ካለው የብልት አጥንት ተነስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ ተወጠረ ጨርቅ የተዘረጋ የጡንቻ ወለል አለ። የዳሌ ወለል ይሉታል። የሽንት ፊኛንና አንጀትን፣ በሴቶች ደግሞ ማህፀንንም ከታች ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ከእነዚህ ጡንቻዎች አንዱ የፊንጢጣውን ቱቦ ከኋላ ዞሮ እንደ ማንገቻ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ቱቦው ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ሠርቶ ይታጠፋል። ሰገራ ሳናስበው የማያመልጠን አንድም በዚህ መታጠፍ ነው። ሽንት ቤት ስንቀመጥ ጡንቻው ይላላል፣ ማዕዘኑ ይከፈታል፣ የውጪው መዝጊያም ይለቃል፣ ከሆድ የሚመጣው ግፊት የቀረውን ይሠራል። የኔ ጡንቻ ግን ግፊቱ ሲመጣ በመላላት ፈንታ ይኮማተራል። በአንድ እጄ በሩን እየገፋሁ በሌላው እጄ እቆልፈው ነበር ማለት ነው። ይበልጥ ሳምጥ ይበልጥ ይዘጋል።

ሐኪሞች ዲስሲነርጂክ ዲፊኬሽን ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ደግሞ አኒስመስ የሚል ስምም አለው። ስሙን የጻፍኩት ሐኪም ጋ ስትሄዱ እንዲጠቅማችሁ ነው እንጂ ለኔ ዋናው ነገር ስሙ አልነበረም። ጡንቻው አልተበላሸም፣ አልተቆረጠም። መቼ መልቀቅ እንዳለበት ነው የተምታታበት። የተምታታበት ደግሞ መልሶ ይማራል።

ለማረጋገጥ ሁለት ምርመራ ተደረገልኝ። አንደኛው ማኖሜትሪ ነው። ጫፉ ላይ ግፊት የሚለካ መሣሪያ ያለበት ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ ጭመቅ፣ ልቀቅ፣ ግፋ ይሉሃል። ያሳፍራል እንጂ አያምም። ሁለተኛው በጣም ቀላል ነው። ትንሽ የጎማ ፊኛ ፊንጢጣ ውስጥ አስገብተው 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሞሉበታል፣ ከዚያ ብቻህን መቀመጫው ላይ ሆነህ እንድታወጣው ሰዓት ይይዙልሃል። ችግር የሌለበት ሰው ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ያወጣዋል። እኔ ከሦስት ደቂቃ በላይ አምጬ አልወጣ አለኝ፤ ነርሷ መጥታ አወጣችልኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። ስለሰነፍኩ ወይም ስላልጠነከርኩ እንዳልሆነ በቁጥር አየሁት።

እንዴት እዚህ ደረስኩ? የኔ መነሻ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ይመስለኛል። ችግሩ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቆስዬ ነበር፣ ሰገራ በወጣ ቁጥር እንደ ምላጭ ይቆርጠኛል። ሰውነት ሕመም ሲጠብቅ ይጨብጣል። ቁስሉ ዳነ፣ መጨበጡ ግን አልለቀቀኝም። በዚያ ላይ የሥራ ቦታ ሽንት ቤት መጠቀም ስለማልወድ ስሜቱ ሲመጣ ውጬ እቀመጥ ነበር። ዓመታት ሙሉ "አሁን አይደለም" እያልኩት የሠለጠነ ጡንቻ ነው። ሌላው ሰው ጋ መነሻው ይለያል። ከወሊድ በኋላ የሚጀምራቸው አሉ፣ በሕይወታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ላይ ይታያል፣ የማያቋርጥ ጭንቀትም ያባብሰዋል። ምንም ግልጽ መነሻ የማይገኝለትም አለ። እኔ ወንድ በመሆኔ ስለ ዳሌ ወለል ሰምቼ እንኳን የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ስህተት ነው። ይሄ ጡንቻ ሁላችንም ጋ አለ።

አሁን ወደ ስህተቶቼ ልምጣ፣ ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ስለሚወድቅ።

ትልቁ ስህተቴ የኬግል ልምምድ ነው። ጡንቻህን አጠንክር የሚል ነገር አንብቤ በቀን መቶ ጊዜ መጨበጥ ጀመርኩ። ልምምዱ እ.ኤ.አ. በ1948 አርኖልድ ኬግል የተባለ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው፣ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሰዎች በእርግጥ ይጠቅማል። የኔ ጡንቻ ግን ችግሩ መላላት አለመቻሉ ነው። የተጨበጠውን እጅ የባሰ መጨበጥ ሆነ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መቀመጥ ራሱ ያመኝ ጀመር። ጡንቻችሁ ደካማ ይሁን የተወጠረ ሳታውቁ አትጀምሩት።

ሁለተኛው አሰር ያለው ምግብ ላይ መረባረቤ ነው። አሰር ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። በሩ ሲዘጋ ግን ከኋላ ብዙ መጨመር ሆድ ከመንፋት ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ሦስተኛው አንጀትን እያነቃቃ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እንደ ውሃ ያስወጣኛል፣ በማግስቱ ያው ነኝ።

ያዳነኝ ባዮፊድባክ የሚባለው ሕክምና ነው። ለዚህ ችግር ከሌላው ሁሉ በፊት የሚመከረው እሱ ነው፤ በተደረጉ ጥናቶች ከሚወስዱት ሰዎች አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። የሚሰጠኝ የዳሌ ወለል ላይ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ነበር፣ በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ አየኝ። ጡንቻው የሚያደርገውን የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ያስገባሉ፣ ስክሪን ላይ መስመር ይታያል። ስትጨብጥ ከፍ ይላል፣ ስትለቅ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን "ግፋ" ሲለኝ መስመሩ ሽቅብ ተተኮሰ። እየለቀቅኩ ነው ብዬ እኮ ነው የማስበው! ዓይኔ እያየ ሰውነቴ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስንት ዓመት ሙሉ "ዘና በል" ስባል ኖሬያለሁ፣ ግን ዘና ማለት ምን እንደሚመስል ከዚያ መስመር ሌላ ያሳየኝ አልነበረም።

መጀመሪያ ያስተማረኝ መተንፈስ ነው። ደረት ሳይሆን ሆድ። አየር ስንስብ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም ወደ ታች ይወርዳል፣ የዳሌ ወለልም አብሮት ዝቅ ይላል፤ ስናስወጣ ሁለቱም ይመለሳሉ። እኔ ሳምጥ ትንፋሼን አፍኜ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ መንጋጋዬን ነክሼ ነበር። ይሄ ሁሉ ከታች ያለውንም ይቆልፈዋል። "ወንድሜ፣ መግፋቱን እርሳው" አለኝ። "ወገብህን ዙሪያውን አስፋው፣ ሆድህ ወደ ፊት ይውጣ፣ አፍህን ክፈት።" በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ፣ አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ እለማመድ ነበር። ሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም። ላቆም አስቤ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ግን መስመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ወረደና እዚያው ቆየ። ያን ስሜት ያዝኩት። ሽንት ልትሸና ስትል መጀመሪያ ላይ ያለችው ያቺ የመልቀቅ ስሜት ናት፣ ከኋላ በኩል። ከዚያ በኋላ በጎማው ፊኛ አለማመደኝ፤ ትንሽ እየሞላ፣ ሳላምጥ እንዳወጣው።

ማሽኑ የሌለበት ቦታም ያለ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የሠለጠነ ባለሙያ በጣቱ እየመረመረ "አሁን ለቀቅክ፣ አሁን ጨበጥክ" እያለ ማስተማር ይችላል። ዋናው ነገር ጡንቻው የሚያደርገውን የሚነግርህ መኖሩ ነው።

ሽንት ቤት ውስጥ የለወጥኩት ብዙ ነው። እግሬ ሥር በርጩማ አደርጋለሁ፣ ጉልበቴ ከዳሌዬ ከፍ እንዲል። ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አሳርፋለሁ። ቁጢጥ የማለት ያህል ነው፣ ያ የታጠፈው ማዕዘን ይከፈታል። ትንፋሽ አላፍንም። "ሙ" እያልኩ በረጅሙ አስወጣለሁ፤ ድምፅ እያሰሙ ትንፋሽ ማፈን ስለማይቻል ነው። ስልክ ውጪ ይቀራል። ሰዓቱም ተለውጧል። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ይሄ በተለይ ጠዋት ይበረታል። ስለዚህ ቁርስ በልቼ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ እገባለሁ። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። አልመጣም? እነሳለሁ። ይሄ መነሳት ከሁሉም የከበደኝ ነው፤ ያልጨረስኩ ስሜት እያለኝ ሱሪዬን ታጥቄ መውጣት። ግን ያ ስሜት ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። የተወጠረ ጡንቻ ራሱ ሰገራ ያለ ያስመስላል።

በልምምዱ ወራት ሐኪሟ ውሃ ወደ አንጀት የሚስብ ማለስለሻ ዱቄት፣ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባለውን፣ አዝዛልኝ ነበር። ጡንቻውን አያስተካክልም፤ ስንማር ሰገራው ጠንክሮ እንዳያስቸግር ነው። የሰገራን ቅርፅ ከ1 እስከ 7 የሚለይ የብሪስቶል ሰንጠረዥ የሚባል አለ፣ 3ኛውና 4ኛው ጥሩዎቹ ናቸው። እዚያ እንዲቆይ ነበር የምንፈልገው። ደግሞ በየቀኑ መውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። በቀን ሦስት ጊዜም፣ በሳምንት ሦስት ጊዜም ጤነኛ ነው። በየቀኑ ካልወጣሁ ብዬ የማደርገው ትግል ራሱ አንዱ የጭንቀቴ ምንጭ ነበር።

ሁሉ ነገር ጡንቻ ነው እያልኩ አይደለም። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ የደም ማነስ ካለባችሁ፣ ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ወይም ከ45 ዓመት በኋላ የሰገራ ልማዳችሁ በድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ያ ይታይ። እኔም ከባዮፊድባክ በፊት አንጀቴ በካሜራ ታይቷል። ኪንታሮት ነው ብሎ ራስን ማሳመንም ቀላል ነው፤ ማማጥ ኪንታሮት ስለሚያመጣ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ሆዴ ደርቋል" ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። ለስልሶም እንደማይወጣ ንገሩ፣ ያለመጨረስ ስሜቱን ንገሩ፣ በጣት የምታግዙ ከሆነም ንገሩ። የዳሌ ወለል ጡንቻዬ ሳምጥ ይለቅ እንደሆነ ይታይልኝ በሉ። የኔን አምስት ዓመት ያሳጥርልኝ የነበረው ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሕክምናውን ከጨረስኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ተመልሶብኛል። ሥራ ተደራርቦ ለአንድ ወር ያህል ስሜቱን መዋጥ ጀምሬ ነበር፣ ሳላስተውለው ማማጡ ተመለሰ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጋ አንድ ጊዜ ሄድኩ፣ መስመሩ እንደ ድሮው ሽቅብ ወጣ። ጀርባዬ ላይ ተኝቼ የመተንፈሱን ልምምድ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ዛሬ ጠዋት አራት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። አላማጥኩም።